በቀኝ ዓይኑ ጥግ

ብርሃኑ መጀመሪያ የመጣው በያጁ ድስት ሲያጥብ ነው። እስቲ ይኼ አሁን ለወሬ የሚመች ነገር ነው? ብርሃን አየሁ የሚል ሰው ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ገለል ካለ ቦታ ተቀምጦ ነው እንጂ እጁን እስከ ክርኑ ሳሙና ውስጥ ነክሮ አይደለም። እሱ ግን ያየው እዚያው ነው፤ ምን ይደረግ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ክረምቱ ጠንክሮ፣ ደመናው የቤቱ ጣሪያ ላይ የተኛ እስኪመስል ከብዶ፣ ፀሐይ ከጠፋች ሰንብታለች። የድስቱን ቂጥ እየፈገፈገ ዞር ሲል በቀኝ ዓይኑ ጥግ እንደ ግማሽ ቀለበት ያለ ነጭ ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ።

በያጁም ራሱን ወደ ታች ነቅነቅ አደረገ።

ነገሩ የሙያ ነው። በያጅ ሁለት እጁ ሥራ ስለያዘ ማስኩን በእጁ አያወርድም። ከግንባሩ በላይ ሰቅሎት ይቆይና ሊያነድ ሲል ራሱን አንዴ ነቅነቅ ያደርጋል፤ ማስኩ ወርዶ ፊቱን ይከድንለታል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ሰው ብርሃን ባየ ቁጥር አንገቱ ሳያማክረው ይታዘዛል። ወጥ ቤት ውስጥ ማስክ የለም፣ የሚበየድ ብረትም የለም። ባዶ ግንባሩን ለድስት መነቅነቁ ገርሞት ሳቁ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፣ ወዲያውም አፈረ።

ሚስቱ የሞተችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ እሱም አልነበረም። የዚያን ቀን አንድ ትልቅ የብረት ታንከር ሆድ ውስጥ ገብቶ ይበይድ ነበር። ታንከር ውስጥ ስልክ አይሠራ፣ ስም ቢጠሩ አይሰማ። ሲወጣ የብየዳ ቤቱ ባለቤት ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ጠበቀው። ይህን ሰውዬ ሻለቃ ነው የሚሉት፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ግን ውሃ አቀብለኝ ሲል እንኳ ጦር የሚያዝ ይመስላል። ሻለቃ ኮፍያውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ቤት ሂድ» ሲለው በያጁ ሁሉም ነገር ገባው።

ቤት ሲደርስ ሴት ልጁ የእናቷን ዓይን ከድናለች። እንዴት እንደሄደች አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቃት። ጠርታኝ ነበር? ፈርታ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ከረሙ። አባትና ልጅ ሆድ ይፍጀው ብለው በአንድ ጣሪያ ሥር ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጋው እየተባባሉ ይኖሩ ነበር።

ሚስቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበረች። እሱ ደግሞ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ ደጁን የማይረግጥ። «እግዚአብሔር ብርሃን ነው» ስትለው «ብርሃንማ ዓይን ያጠፋል፣ እኔን ጠይቂኝ» ይላታል። ትስቅበታለች፤ «አንተ ሰውዬ ከብርሃን ስትሸሽ አረጀህ» ትለዋለች። ቀልድ ነበር እንግዲህ። አሁን ግን ቀልዱ የለም፣ ሴትዮዋም የለች። የቀረው አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ነው፤ ያች የወደዳት ሴት የገባችው ወደዚያ ስትለው ወደነበረው ብርሃን ነው ወይስ እሷም እንደ ማንም ጨለማ ውስጥ ወድቃ ቀረች? ይኼን ሳያውቅ ክረምቱን የሚያልፈው አልመሰለውም።

ብርሃኑ በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። ጨለም ሲል ይወዳል። ቀና ሲል፣ ዞር ሲል፣ በቀኝ ዓይኑ ጥግ ቀስት ሠርቶ ብልጭ ይላል፤ እሱም ነቅነቅ ይላል። ለሥራ ባልደረባው ነገረው። ይኼ ባልደረባው ፕሮፌሰር ይባላል፤ ሁሉን ስለሚያውቅ አይደለም፣ አላውቅም ብሎ ስለማያውቅ ነው። ፕሮፌሰር የብረት መፍጫውን አጥፍቶ፣ በጥቁር ጣቱ የበያጁን ሽፋሽፍት ገልጦ ወደ ውስጥ አየ።

«እሳት ነክቶሃል» አለው። «ያለ ማስክ አንድደሃል፣ አትዋሸኝ።»

«አላነደድኩም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ድንች በስሱ ቆርጠህ ዓይንህ ላይ ጣልና ጋደም በል። ሲነጋ አዲስ ሰው ትሆናለህ።»

የብየዳ እሳት የነካው ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ እንባው አይቆምም። በያጁ ይኼን ያውቃል። የእሱ ዓይን ደግሞ አልቆረቆረም፣ አልቀላም። ቢሆንም ቤቱ ገብቶ ድንቹን ቆረጠ፤ ፕሮፌሰር ነገ ተነስቶ «አደረግክ?» ብሎ ማድረቁ አይቀርማ። ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ ሁለት ቁራጭ ድንች ዓይኑ ላይ አድርጎ ተኛ። ልክ ዓይኑን ሲጨፍን ብርሃኑ መጣ። አሁንስ ግራ ገባው። ዓይኑ ተከድኗል፣ በላዩ ድንች አለ፤ ታዲያ ይኼ ብርሃን በየት በኩል ገባ? ከውጭ ካልመጣ ከየት ነው? ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ድንቹ በጉንጩ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

«አንቺ ነሽ?» አለ ለባዶው ክፍል።

«ማንን ነው የምታናግረው፣ አባዬ?»

ልጁ በር ላይ ቆማለች። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለምትቆም ወደ ቤት ስትገባ ብርድ ልብስ ከላይዋ የተገፈፈ ይመስል ትንቀጠቀጣለች። አባቷን አየችው፣ ድንቹን አየችው። እሱም መደበቂያ ስላጣ ነገራት፤ ስለ ሚስቱ ያሰበውን ሳይሆን ስለ ብልጭታው ብቻ።

«ዓይን ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው።

«ድንች አድርጌበታለሁ እኮ።»

«ድንቹን እንኳ ብንበላው ይሻል ነበር።»

በዚህ አላበቃችም። ነጭ ጋውኗን ለማስተኮስ የምትመጣ አንዲት ነርስ ደንበኛ አለቻት፤ በማግስቱ ጠየቀቻት። ነርሷም እንዲህ ያለ ብልጭታ ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም፣ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል አለቻት። ልጅቱ እያለከለከች መጥታ ለአባቷ ነገረችው። ይኼ ሰው ደግሞ ግራ ዓይኑ ድሮ የብረት ፍንጣሪ ከመታው ወዲህ ጥላ እንጂ ሰው አይለይለትም። ያለው አንድ ቀኝ ዓይን ነው፤ እንጀራውም ያው እሱ ነው። ታዲያ ሰው እንዲህ ሲባል ጫማውን ሳያስር አይሮጥም? እሱ ግን ተቆጣ።

«ለማላውቃት ሴት ስለ ዓይኔ ታወሪያለሽ?»

«አባዬ፣ ያለህ አንድ ዓይን ነው።»

«አንድም ይሁን የራሴ ነው። አርፈሽ ተቀመጪ።»

የተቆጣው ፈርቶ ነው። ዓይኑን ማጣት አይደለም ያስፈራው፤ እሱንም ፈርቷል፣ ግን በሁለተኛ ደረጃ። ሐኪም «በሽታ ነው» ያለ ቀን ያ ብርሃን ያልቃል፣ እሷም እንደገና ትሞታለች። አንዴ ስትሞት አልነበረም። ሁለተኛውን ቆሞ እንዲያይ ነው ልጁ የምትጎትተው?

እሑድ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሚስቱ ስትቀመጥበት የኖረችውን ወንበር አያውቀውም፤ ይኼ ራሱ ደረቱን ወጋው። ከኋላ አምድ ተጠግቶ ተቀመጠ። በክረምት ሰው ያንሳል። የመጣውም ካፖርቱን እንደለበሰ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ሰዓቱን ያያል። ቄሱ የሚሰብኩት ስለ ብርሃን ነበር፤ ሌሊቱ ምንም ቢረዝም መብራት አንድ ጊዜ ከበራ ጨለማ እፍ ብሎ ሊያጠፋው አይችልም ይላሉ። ውስጡ ደብዘዝ ስላለ የበያጁ ብርሃን ተመቸው። ቄሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ብልጭ ይላል፣ በያጁ ነቅነቅ። እንደገና ሲጨርሱ ብልጭ፣ ነቅነቅ። እሱ በአንገቱ ያፍራል፣ አንገቱ አይሰማው። ቄሱ ግን ከዚያ ሁሉ የሚያዛጋ ሰው መሃል አንድ ሰው ቃል በቃል እየተቀበላቸው ሲያዩ ልባቸው ሞቀ። ድምፃቸው ከፍ አለ። ስብከቱ በዚያው ረዘመ፤ የተራቡት ሰዎች ጥፋቱ የማን እንደሆነ ባያውቁ ይሻላል።

ሲወጡ አንዲት ሴትዮ ክንዱን ያዝ አድርገው «ባለቤትህ ስትጸልይልህ ኖራ ይኸው» አሉት፣ እንባ አቅርረው። አይ፣ የማስክ ነገር ነው ቢል ማን ይገባዋል? ቄሱም በር ላይ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉት።

«ዛሬ የሰማኸኝ አንተ ነህ» አሉት።

እዚህ ላይ ነው አፉ ያመለጠው። የድስቱንም፣ የድንቹንም፣ በተከደነ ዓይን የሚታየውንም ነገራቸው። ለልጁ ያልነገራትን የሚስቱንም ነገር ጨመረላቸው። ቄሱ ያዳመጡት አፋቸውን ይዘው ነው።

«ለሰዉ ብትነግርልኝስ?» አሉት በመጨረሻ። «በሚመጣው እሑድ። ክረምቱ ሰዉን አዝሎታል፣ ልጄ። እኔ የምለውን ለምደውታል።»

እሺ አለ። ለምን እሺ እንዳለ እሱም አያውቅ።

በዚያ ሳምንት ብርሃኑ በዛ። ከብርሃኑ ጋር ደግሞ ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች በዓይኑ ፊት ይዋኙ ጀመር። የሚበይድበትን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ እንደያዘ በግራ እጁ እሽ ይላቸዋል።

«በዚህ ብርድ ምን ትንኝ አለ?» አለው ፕሮፌሰር።

ምን ይበለው? ነገሩ ሁሉ ድብልቅልቁ ወጣበት። ብርሃኑን የላከው እግዚአብሔር ነው ወይም እሷ ናት እንበል። ትንኞቹንስ ማን ላካቸው? ሰይጣን ነው እንዳይል፣ ሰይጣን ከእግዚአብሔር እኩል በአንድ ዓይን ጎጆ ይሠራል? አንዱን ተቀብሎ ሌላውን እምቢ ማለትም አልሆነለትም፤ የሚመጡት አብረው ነው። ለቄሱ ብርሃኑን እንጂ ትንኞቹን አልነገራቸውም፤ ያን ሲያስብ የዋሸ ያህል ይከነክነዋል።

ልጁም አልተኛችለትም። «እሺ፣ ተናገርና ሰኞ እንሂድ» አለችው። «ቃልህን ስጠኝ።»

«ምስክርነት ሰጥቼ በማግስቱ ሐኪም ቤት ብታይ ሰው ምን ይላል?»

«ዓይኑ ጠፋ ከሚል ይሻላል።»

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እሑድ ደረሰ። ቄሱ ወሬውን ቀደም ብለው ስለነዙት ወንበሩ ሞልቷል። ሻለቃ እንኳ ካፖርቱን ቆልፎ መጥቷል፤ ፕሮፌሰር ከጎኑ። ልጁ ከፊት ተቀምጣለች። በያጁ ወጥቶ ቆመ። እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ በሥራ ቦታ እጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ነገር አለው።

«እኔ በያጅ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከብርሃን ፊቴን ስሸፍን ነው የኖርኩት። ይኼኛው ግን ዓይኔን ጨፍኜም ይታየኛል። ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ ነው የመጣው። እሷ ሁልጊዜ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ከዓይኑ ግርጌ አንድ ጥቁር ነገር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደሚሞላ ውሃ ወደ ላይ ይነሳ ጀመር። በመጀመሪያ የሰዉ ጫማ ጠፋ። ቀጥሎ ጉልበታቸው። ከላይ ብርሃኑ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ከታች ጨለማው ይወጣል። ራሱን ነቀነቀ፤ ጭራሽ ባሰ።

ሰዉ ልቡ ተነክቶ መስሎት ጸጥ ብሎ ጠበቀው። ከኋላ አንድ ሰው «አሜን» አለ። ሌሎችም ተቀበሉት።

«አሜን አትበሉ» አለ በያጁ። «ጨለመብኝ እኮ ነው የምላችሁ።»

ያን ጊዜም የገባቸው የሉም፤ አንዳንዱ ምሳሌ መስሎታል። ልጁ ብቻ ተነስታ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጥታ፣ እጁን ይዛ አወጣችው። ሻለቃ መኪና እንዲያመጣ ስትነግረው ሮጦ ወጥቶ፣ አስነስቶ ደጅ ቆሟል፤ እሱ እንኳ በሕይወቱ ለአንድ ቀን ትእዛዝ ሳይሰጥ የተባለውን አደረገ።

በሐኪም ቤቱ ተረኛዋ የዓይን ሐኪም ፈገግታዋ ለስለስ ያለ፣ እጇ ቀዝቃዛ ሴት ናት። ጠብታ ጨመረችለት፣ መሣሪያዋን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ከዓይን በስተኋላ አንዲት ስስ ሽፋን አለች። እንደ ግድግዳ ወረቀት የተለጠፈች ናት። የእርስዎ ተቀድዳለች፣ አሁን እየተላጠች ነው። ትንኝ መስሎ የታየዎት ከእሷ የፈሰሰ ደም ነው፣ ጥቁሩም መላጧ ነው።»

«ብየዳው ለቀቀ ማለት ነው?»

«ማለት ነው።»

«ብርሃኑስ?» አለ። ልጁ አጠገቡ እንዳለች ያውቃል፣ ግን ሌላ መጠየቂያ ጊዜ የለውም።

«ሽፋኗ ስትጎተት ነው። ይቺ ሽፋን ሕመም አታውቅም፤ አመመኝ ማለት አልተፈጠረላትም። የምታውቀው አንድ ቋንቋ ነው፣ ብርሃን። ሲጎትቷትም፣ ስትቀደድም፣ ብርሃን አየሁ ነው የምትለው።»

በያጁ አንገቱን ደፋ። ቅስሙ ስብር አለ። እንግዲህ እሷም አይደለችም፣ አምላኳም አይደለም፤ የገዛ ዓይኑ ኖሯል ሲያለቅስ የከረመው። «የውሸት ነበር በይኛ» አላት።

«ውሸት አላልኩም። ማየቱን አይተዋል። ከየት እንደመጣ ነው የነገርኩዎት።»

«ይዳናል?»

«ትንሽ ዘግይተዋል። እንሞክራለን። የተቀደደውን ዳር ዳሩን በብርሃን እንበይደዋለን።»

ቀና ብሎ አያት፣ ባለው ዓይን። «በብርሃን?»

«በብርሃን ጨረር። እኛም በያጆች ነን።»

ሰውን እንዲህ ማዞር ይገባል? ብርሃን በሽታ ነው ብላ ሳትጨርስ ብርሃን መድኃኒት ነው አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከፕሮፌሰር ጋር አንድ ሳምንት የሚከራከርበት ነገር ነበር። አሁን አቅም አልነበረውም። እንዳደረጉ ያድርጉኝ ብሎ ተኛላቸው።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ዓይኑ ውስጥ አየር ሞልተው፣ በላዩ አሽገው ላኩት። አየሩ ሽፋኗን ወደ ቦታዋ እንዲገፋ ፊቱን ደፍቶ መኖር አለበት፤ ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲቀመጥም ወደ ወለሉ ነው። ቀና ማለት የለም፤ ያን ራሱን መነቅነቅ ጨርሶ የለም። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ትራስ ደርባ ግንባሩን የሚያስደግፍበት አበጀችለት። እንዲያ ሆኖ፣ ቀኙ ታሽጎ፣ ግራው ጥላ ብቻ እያየ፣ ዝናቡን ሲሰማ ይውላል። ብርሃኑ አልመጣም። አንዴም አልመጣም። ሐኪሟ ይኼ ጥሩ ምልክት ነው አለች፤ እሱ ግን ቤቱ እንደገና ባዶ ሆነበት።

ቄሱ ሊጠይቁት መጡ። የሚያየው ጫማቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም እንደ ጥላ። ጫማው ከትራሱ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው ዓይኑን ታሞ ሲመጣብኝ እኔ ስብከት ፈለግኩበት። ይቅር በለኝ።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ አባታችን። እኔም አላወቅኩ።»

«ቀናሁብህ፣ ልጄ። ይኼን ሁሉ ዘመን ስለ ብርሃን ስሰብክ አንዲት ብልጭታ አይቼ አላውቅም።»

በያጁ ቀና ሊል ሲል ትዝ ብሎት ወደ ትራሱ ተመለሰ። «ታዲያ ምን ይዘው ነው የሚሰብኩት?»

«አለ ብዬ ነዋ።»

«አለ ብለው ብቻ?»

«አለ ብዬ ብቻ። አንዳንድ ቀን እሱም ይከብደኛል።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ይኼ ነገር አልዋጥ አለው። ሐኪሟ ብርሃኑን ወሰደችበት፤ ቄሱ ደግሞ መጥተው እኔም አይቼ አላውቅ ብለውት ሄዱ። ግን ደግሞ እያደር ሲያስበው እሱስ ሥራውን የሚጀምረው እንዴት ነው? ሰው በማስክ ውስጥ ሁሉ ነገር ወለል ብሎ የሚታይ ይመስለዋል። ሳይነድ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ የራስ እጅ አይታይም። ብረቱ አለ ወዳልክበት እጅህን ትሰዳለህ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ይኼን አስቦ ደግሞ፣ ታዲያ ብረቱን እኮ አስቀድሜ አይቼዋለሁ፣ እሳቸው የት አዩት? አለና ተመልሶ ተምታታበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ከሥራ ገብታ አጠገቡ ተቀምጣ ካልሲውን ትሰፋለች። ፊቷን አያየውም፤ እሷም ፊቱን አታየውም። ፊት ለፊት እየተያዩ የማይጠየቅ ነገር አለ።

«እናትሽ» አለ ወደ ወለሉ። «እናትሽ እንዴት ሄደች?»

መርፌው ቆመ። «እውነቱን ልንገርህ?»

«ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ? ንገሪኝ።»

«ፈርታ ነበር፣ አባዬ።»

ግንባሩን ትራሱ ላይ ጫን አደረገ።

«ጨለመብኝ አለች። መጋረጃውን ክፈቺልኝ አለችኝ፤ ክፍት ነበር። መብራቱን አብሪልኝ አለችኝ፤ በርቷል። አንተን ጠራችህ። ሥራ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው አልኳት።»

«ብርሃን… ምንም አላየችም?»

«እኔም ጠየቅኋት። እማዬ የሚታይሽ ነገር አለ? አልኳት። ‹ምንም› አለችኝ።»

ይኸው፣ የፈራው ደረሰ። ያች ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ብርሃን ስታወራለት የኖረች ሴት በመጨረሻው ሰዓት የታያት ምንም ነው። ልቡ እስኪፈርስ ጠበቀ። እንባው ታሽጎ መውጫ ስላጣ አፍንጫውን አቃጠለው።

«ከዚያስ?» አለ፣ ለመጠየቅ ያህል።

«ከዚያማ እጄን ያዘችኝ። ‹ይሁን፣ እኔ ባላየው እሱ ያየኛል› አለች። ደጋግማ አለችው። እየፈራች ነው የምትለው፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አላቆመችም። እያለችው ነው የሄደችው።»

በያጁ ይኼን ሁሉ ክረምት እሷ ያየችውን ብርሃን እሱም ሊያይ ሲቋምጥ ነበር፤ ለካ እሷም አላየችውም። ለካ እሱ ዛሬ ካለበት ጨለማ ውስጥ፣ ከዚህ ካልተለየ፣ ከዚህ ካልቀለለ ጨለማ ውስጥ ነው ያን ቃል የተናገረችው። ነገሩ እንደገባው እርግጠኛ አልነበረም። ግን ደረቱ ላይ ተጭኖት የከረመው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለለት፤ ለምን እንደሆነ ቢጠይቁት መናገር አይችልም።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ አባዬ።»

«ሲጸለይ እንዴት ነው የሚጀመረው? እኔ እኮ አላውቅበትም።»

ካልሲውን አስቀምጣ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ እናቷ ስትጀምር የምትለውን ነገረችው። እሱም ግንባሩን ትራሱ ላይ እንደደፋ ከእሷ ኋላ ኋላ እያለ ደገመው፤ ግማሹ ቃል ተሳከረበት፣ ግማሹን ከመሃል ጣለው። የእናቷ ቃል ሲያልቅ ግን አላቆመም።

«እሷ ስትፈራ እኔ አልነበርኩም» አለ። «ታንከር ውስጥ ነበርኩ። አንተ ግን ነበርክ አሉኝ። ነበርክ አይደል?»

መልስ አልመጣም፣ በዓይኑም ጥግ ምንም አልበራም። ልጁ እጁን ያዘችው። እሱም ነበርክ አይደል፣ ታያት ነበር አይደል እያለ፣ ድምፁ እስኪደክም ድረስ ሲያወራ ቆየ።